የዳቤር መገኛና የስም ምስክርነት
በአንዲት የሌዋውያን ከተማ ስም ላይ የቀረበ ሂስ

የቦታ ስሞች በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ዘንድ ብዙ ክብደት አይሰጣቸውም። ከማመልከት በቀር ፍች የላቸውም ተብሎ ስለሚታመን፣ ብዙውን ጊዜ በመጽሐፉ መጨረሻ በሚገኝ ተጨማሪ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ፤ መገኛቸውም ከሌላ ካርታ ተገልብጦ በአንድ መስመር ይጻፋል። ተርጓሚውም ያንኑ መስመር አምኖ በግርጌ ማስታወሻው ያሰፍረዋል። ይሁንና ያ አንድ መስመር የክርክር ውጤት ነው፤ ክርክሩም በአብዛኛው የቋንቋ ክርክር ነው። ይህ ጽሑፍ ዳቤር የምትባለውን የሌዋውያን ከተማ በምሳሌነት ወስዶ፣ የከተማዪቱን መገኛ ለማወቅ የቀረቡት ማስረጃዎች በሥነ ልሳን ሚዛን ምን ያህል እንደሚያነሱ ይመረምራል፤ በመጨረሻም ለአማርኛ መዝገበ ቃላትና ትርጉም የሚበጀውን አሠራር ይጠቁማል። የምርምሩን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ጥያቄው

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 21 ለሌዋውያን የተሰጡ 48 ከተሞች ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ 13ቱ የአሮን ልጆች ድርሻ ናቸው፤ ዘጠኙ ከይሁዳና ከስምዖን፣ አራቱ ከብንያም ርስት የተከፈሉ ናቸው። ዳቤር ከዘጠኙ አንዷ ናት። ሌዋውያን የራሳቸው የነገድ ርስት ስላልነበራቸው፣ ከተሞቹ የተሰጧቸው በዘኍልቍ ምዕራፍ 35 በክንድ ተለክቶ ከተወሰነው የከብት ማሰማሪያ ጋር ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ድንበር ያላቸውንና ጎረቤት የሚያውቃቸውን ሥፍራዎች የሚጠራ እንጂ ስም ብቻ የሚደረድር አይደለም።

የዳቤር ችግር ከስሟ ይጀምራል። ኢያሱ 15፥15 እና መሳፍንት 1፥11 የቀድሞ ስሟ ቂርያት ሴፍር እንደነበረ ይናገራሉ። ኢያሱ 15፥49 ደግሞ ቂርያት ሰና ይላታል። በዚህ ላይ ዳቤር የሚለው ስም የእርሷ ብቻ አይደለም፤ በኢያሱ 10፥3 የኤግሎን ንጉሥ ስም ነው፤ በ15፥7 በይሁዳ ሰሜናዊ ድንበር፣ በአኮር ሸለቆ አቅራቢያ ያለ ሥፍራ ይጠራበታል፤ በ13፥26ም ከዮርዳኖስ ማዶ፣ በጋድ ወሰን፣ ተመሳሳይ ስም ይገኛል። እንግዲህ መዝገበ ቃላቱ ገና ከመነሻው አራት የተለያዩ መግቢያዎች ያስፈልጉታል። አንዱን ከሌላው ሳይለዩ ወደ ካርታ መሄድ፣ ሁለት ሞክሼ ቃላትን በአንድ ፍች እንደማሰር ይቆጠራል።

ለ. በፍች ላይ የተመሠረተ ፍለጋ

ቂርያት «ከተማ» ማለት ነው፤ ሴፍር «መጽሐፍ፣ ጽሑፍ» ማለት ነው። የግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም በመጽሐፈ ኢያሱ ስሙን ሳያስተላልፍ ፍቺውን ብቻ ሰጥቶ «የፊደላት ከተማ» ብሏታል። በመሳፍንት ግን የዕብራይስጡን ድምፅም ጠብቆ ፍቺውንም ጨምሯል። የላቲኑ የሄሮኒመስ ትርጉምም በመጽሐፈ ኢያሱ እንዲሁ ስሙን ጽፎ «ይህም ማለት» ብሎ ይፈታዋል። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ የግሪኩ ተርጓሚ በ15፥49 ቂርያት ሰና በሚገኝበት ቦታ ያንኑ «የፊደላት ከተማ» መድገሙ ነው። ምናልባት በእጁ የነበረው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ሴፍር የሚል ነበር፤ ምናልባትም ሁለቱን ጥቅሶች ለማስማማት ፈልጎ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ቂርያት ሰና ራሱን የቻለ ሦስተኛ ስም መሆኑ አጠራጣሪ ይሆናል ማለት ነው።

ፍቺው ተመራማሪዎችን ማርኳል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንግሊዛዊው አርኪባልድ ሴይስ፣ ከተማዪቱ እንደ አሦርና እንደ ባቢሎን ከተሞች የሸክላ ጽላት መዛግብት የነበሩባት መሆን አለባት ብሎ ከስሟ ተነሥቶ ደመደመ። ዳቤር ናቸው ከተባሉት ሥፍራዎች ግን በአንዱም እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት አልተገኘም። ስም የተሰጠበት ምክንያትና ከተማው የኋላ ኋላ የሚሠራበት ሥራ አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ፣ የቦታ ስሞችን የሚያጠና ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው መንገድ ዳቤር የሚለውን ስም ራሱን መፍታት ነው። በ1870ዎቹ የምዕራብ ፍልስጥኤምን ቅየሳ ካካሄዱት አንዱ የነበረው ክሎድ ኮንደር፣ ዳቤር ዛሂሪያ የምትባለው መንደር ናት የሚለውን ሐሳብ አራመደ። ምክንያቱም የፍች ተመሳሳይነት ነው፤ ድ-ብ-ር በሴማውያን ቋንቋዎች «ኋላ» የሚል ፍች አለው፤ በዐረብኛ የዛሂሪያ መነሻ የሆነው ቃልም «ጀርባ» ማለት ነው። እዚህ ላይ የሥነ ዘዴው ስሕተት ጎልቶ ይታያል። አንድ ስም በትርጉም ተሸጋግሯል ከተባለ፣ በሸንተረር ጀርባ ላይ የተቀመጠ መንደር ሁሉ ዳቤር ሊሆን ይችላል። ገደብ የሌለው ማስረጃ ደግሞ ማስረጃ አይባልም። ከዚህም ሌላ የሥርወ ቃሉ ፍች ራሱ ያከራክራል። በመጽሐፈ ነገሥት የቤተ መቅደሱን ውስጠኛ ክፍል የሚያመለክተውን ያንኑ ቃል ሄሮኒመስ «ተናገረ» ከሚለው ግሥ አምጥቶ «የመለኮት ቃል የሚሰማበት ቦታ» በሚል ስሜት ሲተረጕመው፣ የኋለኞቹ ሊቃውንት ግን «ከኋላ ያለ» ከሚለው ያመጡታል።

ይህ አደጋ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች የባሰ ቅርብ ነው። በግእዝ «ተራራ» ማለት የነበረውና በኋላ ለገዳምና ለቤተ ክርስቲያን የዋለው ደብር የሚለው ቃል ከዳቤር ጋር በጆሮ ይገጥማል። ከተማዪቱም ለካህናት የተሰጠች፣ በተራራማ አገር ያለች በመሆኗ፣ «ዳቤር ማለት ደብር ነው» የሚለው አፈታት ለሰባኪም ለተርጓሚም ይጥማል። የድምፅ መገጣጠምና የሥርወ ቃል ዝምድና ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መዝገበ ቃላት ሁለተኛውን ሳያረጋግጥ የመጀመሪያውን መመዝገብ አይገባውም።

ሐ. የቴል ቤት ሚርሲም መላ ምት

በ20ኛው መቶ ዓመት ለረጅም ጊዜ የጸናው ሐሳብ የአሜሪካዊው የዊልያም ኦልብራይት ነው። ኦልብራይት ከኬብሮን በስተደቡብ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ቴል ቤት ሚርሲም የተባለ ጉብታ ዳቤር ነው ብሎ በ1926፣ በ1928፣ በ1930 እና በ1932 ቆፈረው። የሥራ ባልደረባው ሜልቪን ካይል ስለ ቁፋሮው የጻፈው፣ በ1934 የታተመው መጽሐፍ በርእሱ ላይ ቦታውን በቀጥታ ቂርያት ሴፍር ይለዋል። ለመዝገበ ቃላት ሰው ይህ ርእስ ብዙ ያስተምራል። ሊረጋገጥ የሚገባው መላ ምት የመጽሐፍ ስም ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ካርታና ማውጫ ሁሉ እንደ ታወቀ ነገር ይቀበለዋል።

የኦልብራይት ቁፋሮ ታላቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም፤ የፍልስጥኤም የሸክላ ዕቃዎች የዘመን ቅደም ተከተል የተስተካከለው በአብዛኛው በዚሁ ሥራ ነው። ሂሱ የሚያተኩረው ከስሙ ጋር በተያያዘው ክፍል ላይ ነው። በጉብታው ላይ የከተማውን ስም የያዘ ጽሑፍ አልተገኘም፤ ቤት ሚርሲም የሚለው የዐረብኛ ስምም ከዳቤርም ሆነ ከቂርያት ሴፍር ጋር የድምፅ ዝምድና የለውም። የቀረው ማስረጃ በነሐስ ዘመን መጨረሻ የጠፋ ከተማ የእሳት ንጣፍ መገኘቱ ነበር። ነገር ግን የተቃጠለ ንጣፍ የከተማ ስም አይናገርም። ንጣፉን የኢያሱ ዘመቻ ያደረገው ቦታው ዳቤር ነው መባሉ ሲሆን፣ ቦታውን ዳቤር ያደረገው ደግሞ በከፊል ንጣፉ ነበር፤ ክርክሩ በክብ ዞሮ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ተመሳሳይ አካሄድ በሌላ ስም ላይም ታይቷል። በዚሁ ጉብታ «የኤልያቄም፣ የዮኪን አገልጋይ» የሚል ማኅተም የታተመበት የማሰሮ ጆሮ ተገኝቶ ነበር። ኦልብራይት ዮኪንን ከንጉሥ ዮአኪን ጋር አንድ አድርጎ፣ ማኅተሙን በ6ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት መጀመሪያ ላይ አስቀመጠው፤ የሌሎች ከተሞች ንጣፎችም በዚሁ እንዲለኩ ሆነ። በ1976 ዳዊት ኡሲሽኪን እንዲህ ያሉት ማኅተሞች የ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መሆናቸውን በማሳየቱ፣ ዮኪን ንጉሡ ሳይሆን ሌላ ሰው መሆኑ ታወቀ። የሰው ስም መመሳሰል ሰውን፣ የቦታ ስም መመሳሰልም ቦታን ብቻውን አያረጋግጥም።

መ. የጎረቤቶች ምስክርነት

አንድን አስቸጋሪ ቃል የሚፈታ ሰው አስቀድሞ ቃሉ የገባበትን ዐውድ ይመለከታል። የቦታ ስም ዐውዱ አብረውት የተዘረዘሩት ስሞች ናቸው። ኢያሱ 15፥48–51 ዳቤርን በተራራማው አገር፣ ከየቲር፣ ከሦኮ፣ ከዓናብ፣ ከኤሽትሞዓና ከዓኒም ጋር ይጠራታል። ምዕራፍ 21ም ከየቲር፣ ከኤሽትሞዓና ከሖሎን በኋላ፣ ከዮጣ በፊት ያኖራታል። ኤድዋርድ ሮቢንሰንና ዐረብኛ አዋቂው ኤሊ ስሚዝ በ1838 በአካባቢው ሲጓዙ፣ በገዳማት ትውፊት ላይ ከመመካት ይልቅ የመንደሩን ገበሬዎችና እረኞች መጠየቅን መርጠው ነበር፤ በዚህም መንገድ ከእነዚህ ጎረቤቶች ብዙዎቹ በሕያው አንደበት ሲጠሩ ሰሙ። የስሞቹን አጠባበቅ እንመልከት።

ኤሽትሞዓ ዛሬ ሰሙዕ ትባላለች። የዕብራይስጡ መነሻ «ሰማ» የሚለው ግሥ ነው፤ የዕብራይስጡ «ሽ» በዐረብኛና በግእዝ «ሰ» ሆኖ ይገኛል፤ በግእዝ ሰምዐ ማለታችንም ከዚሁ ነው። ሦኮ ዛሬ ሹወይካ ናት። እዚህ ያለው የዕብራይስጥ ድምፅ ከመጀመሪያው የተለየ ነው፤ በግእዝ በ«ሠ» የሚወከለው ይህ ድምፅ በዐረብኛ «ሸ» ይሆናል፤ የስሙ ቅርጽ ደግሞ የዐረብኛ የማሳነሻ ቅርጽ ነው። ዓናብ እስከ ዛሬ ዓናብ ናት። ዓኒም ጉወይን ተብላ፣ እርሷም በማሳነሻ ቅርጽ ትጠራለች። ዮጣ የጣ ናት፤ ጠንካራው «ጠ» ሳይለወጥ ቆይቷል። የቲር ዓቲር ትባላለች፤ መነሻው «የ» ወደ «ዐ» መለወጡ የተለመደ ሕግ አይደለም፤ ሆኖም የቀሩት ተነባቢዎችና የቦታው አቀማመጥ ስለሚስማሙ ተቀባይነት አግኝቷል። እነዚህ ሥፍራዎች ሁሉ ከኬብሮን በስተደቡብ ባለው ተራራማ አገር ናቸው። ቴል ቤት ሚርሲም ግን ከዚህ ክበብ ወጥቶ፣ ወደ ቆላው በሚያዘቀዝቀው ኮረብታማ አገር ነው።

በዚህ ምክንያት ኩርት ጋሊንግ በ1954 ዳቤር ኺርበት ረቡድ ናት የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኺርበት ረቡድ ከኬብሮን በስተደቡብ ምዕራብ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጎረቤቶቹ መካከል ይገኛል። ሞሼ ኮኻቪ በ1968 እና በ1969 ቆፍሮት በ1974 ባሳተመው ዘገባ፣ ቦታው በነሐስ ዘመን መጨረሻና በብረት ዘመን የተቀጠረ ከተማ እንደነበረ አሳየ። በአካባቢውም የላይኛው ዓለቃና የታችኛው ዓለቃ የሚባሉ ሁለት የውኃ ጕድጓዶች አሉ። ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህን መገኛ ይቀበሉታል፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከሁለቱ የተሻለ መሆኑን ያምናል።

ሆኖም ወደ አዲሱ ሐሳብ ስንሸጋገር የአሮጌውን ስሕተት ይዘን መሻገር አይገባንም። ረቡድ የሚለው ስም ተነባቢዎች ር-ብ-ድ ናቸው፤ ወደ ኋላ ሲነበቡ ድ-ብ-ር ይሆናሉ። ይህን የድምፅ መዛወር አድርጎ በማስረጃነት ለመጥቀስ መፈለግ የተፈጥሮ ነው። ነገር ግን የመዛወሩን ደረጃ በደረጃ ሂደት የሚያሳይ የመካከለኛ ዘመን መዝገብ እስካልቀረበ ድረስ፣ ነገሩ ከደብርና ከዳቤር መገጣጠም የተሻለ ክብደት የለውም። የረቡድ ጥንካሬ በጎረቤቶቿ እንጂ በስሟ አይደለም።

ሠ. በትርጉም የሚወሰኑ ሦስት ቃላት

በኢያሱ 15 እና በመሳፍንት 1 የካሌብ ልጅ ዓክሳ ለጎቶንያል ከተዳረች በኋላ ከአባቷ ውኃ ትለምናለች። የመገኛው ክርክር በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ባሉ ሦስት ቃላት ላይም ይንጠለጠላል።

የመጀመሪያው ጉሎት የሚለው ነው። በሰፊው የሚነበበው የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ ትርጉም «ምንጭ» ይለዋል። ነገር ግን የዕብራይስጡ ቃል በሌላ ቦታ የመቅረዝን የዘይት ማሰሮና የዓምድን ጽዋ መሰል ጕልላት ያመለክታል፤ ስለዚህ ፍቺው ውኃ የሚጠራቀምበት ጐድጓዳ ነገር እንጂ የሚፈልቅ ውኃ አይደለም። የግሪኩ መሳፍንት ተርጓሚ ቃሉን ከ«ተቤዠ» ግሥ ጋር አምታቶ «የውኃ ቤዛነት» ብሎ መተርጐሙ፣ ቃሉ ገና በጥንት ዘመን እንግዳ እንደነበረ ያሳያል። «ምንጭ» ብለን ከተረጐምን አንባቢያችን ምንጭ የሚፈልቅበትን ሥፍራ ይፈልጋል፤ «የውኃ ማቆሪያ» ወይም «ኵሬ» ካልን ግን ፍለጋው ሌላ ይሆናል። ኦልብራይትም በጉብታው አጠገብ ከላይና ከታች የውኃ ማቆሪያዎች እንዳሉ ያመለክት ነበር። «ላይኛውና ታችኛው» የሚለው ጥንድ ስም በዐረብኛ የቦታ ስሞች የተለመደ ስለሆነ፣ የዓለቃ ጕድጓዶች ስምም ብቻውን አይፈርድም፤ ከሌላው ማስረጃ ጋር ተደምሮ ነው የሚያግዝ።

ሁለተኛው ነጌብ ነው። የግሪኩ መሳፍንት «የደቡብ ምድር» ይላል፤ የአማርኛውም ትርጉም «ደቡብ»ን መርጧል። የነጌብ መነሻ ግን «ደረቅ» ማለት ነው፤ ደረቁ አገር ከይሁዳ በስተደቡብ ስለሚገኝ ቃሉ ኋላ አቅጣጫን ለማመልከት ዋለ። የዓክሳ ልመና ሙሉ ስሜት የሚያገኘው በመጀመሪያው ፍች ነው፤ ደረቅ መሬት ስለ ተሰጣት ውኃ ትጠይቃለች። «ደቡብ» ሲባል የልመናው ምክንያት ይጠፋል፤ አንባቢም በካርታ ላይ ወደ ደቡብ ርቆ እንዲፈልግ ይገፋፋል።

ሦስተኛው ካሌብ ከኬብሮን ተነሥቶ ወደ ዳቤር ያደረገውን ጉዞ የሚገልጸው ግሥ ነው። በኢያሱ «ወጣ» የሚል ሲሆን በመሳፍንት «ሄደ» ይላል። ኬብሮን ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ በመሆኗ፣ ከእርሷ ወደ ሁለቱም ሥፍራዎች የሚሄድ ሰው ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ግሡ እዚህ የሚያመለክተው ዘመቻን ነው፤ «ዘመተ» ተብሎ ቢተረጐም ይሻላል። ከፍታና ዝቅታን ከዚህ ግሥ የሚቆጥር ክርክር ሁሉ መሠረት የለውም።

ረ. ለአማርኛ ምን ይበጃል

ከላይ ከተባለው ሦስት ምክሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ የመገኛ እርግጠኝነት በደረጃ ይመልከት። ከዳቤር ጋር በዚያው ምዕራፍ የተዘረዘሩት ጌዝርና ገባዖን ለዚህ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። ጌዝርን ሻርል ክሌርሞን ጋኖ መጀመሪያ ከአንድ የዐረብኛ ዜና መዋዕል ተነሥቶ ቦታዋን ገመተ፤ በ1874 ደግሞ «የጌዝር ወሰን» የሚል የዕብራይስጥ ጽሑፍ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ አገኘ። በገባዖንም ጄምስ ፕሪቻርድ ከ1956 ጀምሮ ባካሄደው ቁፋሮ የከተማዪቱ ስም የተጻፈባቸው የማሰሮ ጆሮዎች ተገኝተዋል። እንዲህ ያለውን ደረጃ ሀ እንበለው፤ በተከታታይ የስም አጠባበቅ የታወቀውን፣ ለምሳሌ ኤሽትሞዓን፣ ደረጃ ለ፤ በዝርዝርና በቁፋሮ ስምምነት የተገመተውን ደረጃ ሐ፤ በድምፅ ወይም በፍች መመሳሰል ብቻ የቀረበውን ደረጃ መ። ዳቤር ከደረጃ ሐ አትዘልም።

ሁለተኛ፣ ሞክሼ ፊደላት በቦታ ስሞች ውስጥ ይጠበቁ። ሞክሼዎች ይቀነሱ የሚለው ክርክር ለዘመናዊው አማርኛ የራሱ ምክንያት አለው፤ በተናጋሪው አፍ ልዩነታቸው ጠፍቷልና። ሆኖም ከላይ እንዳየነው ሰሙዕና ሹወይካ የተለዩት በ«ሰ» እና በ«ሠ» ልዩነት ነው፤ የዓናብና የዓኒም ማንነትም በ«ዐ» ላይ ይቆማል። ብዙ ቋንቋዎች ምልክት ፈጥረው ለመጻፍ የሚቸገሩበትን ልዩነት የእኛ ፊደል በተፈጥሮው ይዞታል። ስለዚህ ሦኮ በ«ሠ»፣ ሴፍር በ«ሰ» ይጻፉ። በግሪክኛ በኩል ተሻግረው የጸኑትን ስሞች ግን ማፍረስ አይገባም፤ ጋዛና ጎቶንያል በዕብራይስጥ በ«ዐ» ቢጀምሩም፣ በግሪክኛው «ገ» ገብተው በአንባቢ ዘንድ ሥር ሰድደዋል። የእነዚህ የዕብራይስጥ ቅርጽ በመዝገበ ቃላቱ ይመልከት እንጂ በጽሑፉ ውስጥ አይተካ።

ሦስተኛ፣ ቂርያት ሴፍር አይተርጐም። በጽሑፉ ውስጥ ድምፁ ይጠበቅ፤ ፍቺው በግርጌ ይሰጥ፤ የግሪኩ ተርጓሚ በመጽሐፈ ኢያሱ ያደረገውን ብንከተል አንባቢው ስም መሆኑን አያውቅም። መግቢያው የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

ዳቤር (1)። የቦታ ስም። በይሁዳ ተራራማ አገር የነበረች፣ ለአሮን ልጆች የተሰጠች ከተማ (ኢያ. 21፥15)። የቀድሞ ስም ቂርያት ሴፍር፤ በኢያ. 15፥49 ቂርያት ሰና፣ በዚያው ጥቅስ በግሪኩ «የፊደላት ከተማ»። ሥርወ ቃሉ አከራካሪ፤ ከግእዝ ደብር ጋር አይያያዝ። መገኛ፦ ኺርበት ረቡድ፤ ደረጃ ሐ። ቀድሞ የተሰጠ መገኛ፦ ቴል ቤት ሚርሲም።

መግቢያው ስድስት መስመር ያህል ነው። ከነዚህ መስመሮች የመጨረሻው፣ የተተወው መገኛ፣ ቦታ አባካኝ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ የታተሙ ካርታዎችና ማብራሪያዎች አሁንም በተርጓሚዎች ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ መዝገበ ቃላቱ የቀድሞውን መገኛ ካልጠቀሰ አንባቢው ሁለት ምንጮች ሲጋጩበት የትኛው ኋላ እንደ ተጻፈና ለምን እንደ ተለወጠ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም። ደረጃውም እንዲሁ የሚያገለግለው ወደ ፊት ነው፤ በረቡድ ወይም በሌላ ሥፍራ ስሙ የተጻፈበት አንድ ስባሪ ሸክላ ቢገኝ፣ የሚለወጠው አንድ ፊደል ብቻ ይሆናል።